ከአሥራ አራቱ ኪኒኖች በፊት

ጥቅምት ላይ መተማና ሁመራ ሰሊጥ ይደርሳል። የደረሰ ሰሊጥ ቀጠሮ አያውቅም፤ ፍሬው ሳይረግፍ ታጭዶ መከመር አለበት። ስለዚህ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ ብዙ ወጣት ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ቆላ ይወርዳል። ክረምቱ ጥሎት በሄደው ኩሬ የተፈለፈለችው ትንኝም የምትበዛው በዚያው ሰሞን ነው። አጫጁ የሚያድረው ሜዳ ላይ ወይም ዳስ ውስጥ ስለሆነ አጎበር ቢሰጠው እንኳ የሚሰቅልበት የለውም።

እንዲህ ባለው ሰሞን በቆላ ጤና ጣቢያዎች የሚሰማው ንግግር ተመሳሳይ ነው።

«ወባ ይዞህ ያውቃል፣ ወንድሜ?»

«አምና እዚሁ ይዞኝ ነበር፣ ሲስተር። ታክሜ ተሻለኝ። ጥር ላይ አገሬ ገብቼ፣ ያውም ትንኝ በሌለበት ደጋ፣ ተነሳብኝ። ለፋሲካ ደግሞ እንደገና።»

«መድኃኒቱን ጨርሰህ ነበር?»

«የሦስት ቀኑን ጨርሻለሁ።»

የላቦራቶሪው ወረቀት ላይ «ፒ.ቪ.» ተብሎ ተጽፏል፤ ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ ለማለት ነው። ነርሷ የሦስት ቀን ክሎሮኪን ትቆጥርለታለች። ከዚያ ሌላ ኪኒን ትጨምራለች፦ ፕሪማኪን፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለአሥራ አራት ቀን። ሰልፉ ረጅም ካልሆነ አንድ ነገር ትጠይቀዋለች። «መድኃኒት ወስደህ ሽንትህ እንደ ኮካ ጠቁሮ ያውቃል? አንተ ባይደርስብህ ወንድምህ ወይም አጎትህ፣ የእናትህ ወንድም?» ሰልፉ ከረዘመ ጥያቄው ይዘለላል።

የምትዘለለው ጥያቄ ግን ከመቶ ዓመት ገደማ ታሪክ የተጨመቀች ናት። የእናት ወንድም ለምን እንደተነሳም በኋላ እንደርስበታለን።

በአገራችን ሰው የሚታመምባቸው ዋነኞቹ የወባ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። ፋልሲፓረም ቸኩሎ ይገድላል፤ አእምሮ ያስታል፣ ኩላሊት ያበላሻል፣ ሕፃንን በቀናት ውስጥ ይወስዳል። ቫይቫክስ የሚገድለው ከዚያ ባነሰ መጠን ነው፤ ጠባዩ መመላለስ ነው። ትንኟ ከነከሰችበት ቀን ጀምሮ ከገቡት ተሕዋስያን ገሚሱ ጉበት ውስጥ ገብቶ ይተኛል። የተኛው ተሕዋስ አይራባም፣ አያተኩስም፣ በማይክሮስኮፕም ከጣት በተወሰደ ደም አይታይም። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነቃና ደም ውስጥ ይገባል። በሽተኛው አዲስ ንክሻ ሳያገኘው እንደገና ይንቀጠቀጣል። ክሎሮኪንም ሆነ ኮአርተም ደም ውስጥ ያለውን ብቻ ነው የሚገድሉት፤ ጉበት ውስጥ የተኛውን አይነኩም። አጫጁ የሦስት ቀኑን መድኃኒት በትክክል ጨርሶ ደጋ ላይ የታመመው ለዚህ ነው።

ቫይቫክስ በአብዛኛው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሕዝብ ዘንድ እምብዛም ነው፤ ተሕዋሱ ቀይ የደም ሕዋስን የሚከፍትበት ዳፊ የተባለው ተቀባይ እዚያ ብዙ ሰው ላይ የለም። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ከጎረቤቶቿ ትለያለች። እንደ ዓመቱና እንደ አካባቢው ቢለያይም፣ ከወባ በሽተኞቻችን ከሦስቱ የአንዱ ያህል ወባ ቫይቫክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ፣ ከጥር መግቢያ እስከ ጥቅምት አጋማሽ፣ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ሲያስታውቅ፣ የዚያ ቁጥር ጥቂት ያልሆነ ክፍል አምና ታክመው «ድነው» የነበሩ ሰዎች መሆናቸውን መገመት አይከብድም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የተኛውን ተሕዋስ የሚገድሉ፣ በዓለም ላይ በሥራ ላይ ያሉ መድኃኒቶች ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ፕሪማኪን ነው። ሁለተኛው የእሱው ታናሽ ወንድም ታፌኖኪን። ሁለቱም አንድ ዓይነት ጠባይ አላቸው፦ ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም በዘር የጎደለው ሰው ከወሰዳቸው ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርሱበታል።

ይህ የታወቀው ደስ በማይል መንገድ ነው። በ1920ዎቹ የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ፓማኪን የተባለ መድኃኒት ሠራ። ጉበት ውስጥ ያለውን ወባ ይመታ ነበር፤ ነገር ግን አንዳንድ ሰው ከወሰደው በኋላ ሽንቱ ጠቆረ፣ ደሙ አነሰ። ለምን እሱን ብቻ፣ ማንም አላወቀም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር በፓስፊክ ደሴቶች ላይ በወባ ሲወድቅ የተሻለ መድኃኒት ፍለጋ ተጧጧፈ። ሙከራው ከተካሄደባቸው ቦታዎች አንዱ ኢሊኖይ ውስጥ የሚገኘው ስቴትቪል እስር ቤት ነበር። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው አልፍ አልቪንግና ባልደረቦቹ ፈቃደኛ የተባሉ እስረኞችን በወባ በተበከለች ትንኝ አስነክሰው መድኃኒት ይሞክሩባቸው ነበር። ላይፍ መጽሔት በ1945 ሥራውን በፎቶግራፍ አስደግፎ እንደ አገር ፍቅር አስነበበ። በዓመት ከምናምን በኋላ ደግሞ በኑረምበርግ የተከሰሱት የናዚ ሐኪሞች ጠበቆች «እናንተስ በእስረኞቻችሁ ላይ?» ብለው ይህንኑ እስር ቤት ጠቀሱ። የታሰረ ሰው «እሺ» ማለቱ ምን ያህል እሺታ ነው የሚለው ጥያቄ እስካሁን አልተቋጨም፤ የስቴትቪሉ ሙከራም የቆመው በ1974 ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላው ነገር፣ ዛሬ በየጤና ጣቢያው የምንጠቀምበት እውቀት ዋናው ክፍል ከዚያ መምጣቱ ነው። እውቀቱን ልንጥለው አንችልም፤ ከየት እንደመጣ መርሳትም አይገባም።

ፕሪማኪን የተሠራው በዚያ ዘመን ነው። በኮርያ ጦርነት ጊዜ፣ የእኛም የቃኘው ሻለቃ በተሰለፈበት፣ ወደ አገራቸው በመርከብ የሚመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች ለአሥራ አራት ቀን እንዲውጡት ተደረገ፤ በ1952 የአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ አገኘ። አብዛኛው ወታደር ዳነ። ከጥቁር አሜሪካውያን አንዳንዶቹ ግን ደማቸው በድንገት አነሰ። ስቴትቪል ውስጥም ያው ነበር።

ያን ጊዜ የተደረገው ሙከራ ቀላልነቱ ያስገርማል። ሬይመንድ ደርን፣ ኧርነስት ቦይትለርና አልቪንግ፣ መድኃኒቱ ከሚጎዳው ሰው ቀይ የደም ሕዋስ ወሰዱና በጨረራማ ክሮሚየም ምልክት አድርገው ለማይጎዳው ሰው ሰጡ። ከዚያ ተቀባዩ ፕሪማኪን ዋጠ። የተቀባዩ የራሱ ደም ደኅና ሆኖ የእንግዳው ሕዋስ ብቻ ፈረሰ። ተገላብጦ ሲሠራ፣ የጤነኛው ሕዋስ በሚጎዳው ሰው ሰውነት ውስጥ ምንም ሳይሆን ቆየ። ጥፋቱ የጉበት ወይም የሌላ አካል አልነበረም፤ ሕዋሱ ውስጥ ነበር። ሌላም ነገር አዩ፦ መድኃኒቱ ባይቋረጥ እንኳ የእነዚህ ሰዎች ደም ከጊዜ በኋላ መልሶ ይተካ ነበር። የፈረሱት ያረጁት ሕዋሳት ስለነበሩ ነው፤ አዲሶቹ ተቋቋሙት። በ1956 ፖል ካርሰንና ባልደረቦቹ የጎደለውን ነገር ለዩት። ግሉኮስ ስድስት ፎስፌት ዲሃይድሮጂኔዝ፣ ባጭሩ ጂ6ፒዲ ነበር።

ቀይ የደም ሕዋስ ስንቁን ከአገሩ ቋጥሮ የሚወጣ መንገደኛ ነው። ከመቅኔ ሲወጣ ኒውክለሱን ጥሎ ስለሚወጣ፣ በአራቱ ወር ዕድሜው መንገድ ላይ አዲስ ኢንዛይም መሥራት አይችልም፤ የያዘው ያው የያዘው ነው። ጂ6ፒዲ የሚያስፈልገው ሕዋሱ ከኦክስጅን ጋር ሲኖር ከሚደርስበት የኬሚካል ጥቃት ራሱን የሚያድስበት ግሉታታዮን የተባለ ነገር እንዳያልቅበት ነው። በአፍሪካ የተለመደው የጉድለት ዓይነት ያለበት ሰው ስንቁ ሲቋጠር ደኅና ነው፤ ቶሎ ይነቅዛል እንጂ። ለዚህ ነው ወጣቱ ሕዋስ ሲተርፍ ያረጀው የሚፈርሰው። በሜዲትራኒያን ዙሪያ የበዛው ዓይነት ግን ከመጀመሪያውም ከመደበኛው ከአሥር አንድ በታች ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ወጣቱም አሮጌውም አብሮ ያልቃል፤ ሰውየውም ደም ካልተሰጠው ሊሞት ይችላል።

መድኃኒቱ ሳይመጣ፣ ልዩ ልብስ እንደሌለው ሰው፣ የጂ6ፒዲ ጉድለት ያለበት ብዙው ሰው ምንም አይሰማውም፤ ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ያረጃል፣ ጉድለቱን ሳያውቅ ይሞታል። ምልክቱ የሚመጣው መድኃኒቱን በጀመረ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ገደማ ነው። ሽንት ይጠቁራል፤ እንደ ኮካ ወይም እንደ ጥቁር ሻይ። ዓይን ቢጫ ይሆናል። ወገብ ይወጋል፣ ልብ ይመታል፣ ደረጃ መውጣት ያቅታል። ብዙ ሰው ይህን «የወፍ በሽታ» ብሎ ወደ ባህል ሐኪም ይሄዳል፤ ኪኒኑንም ይቀጥላል። የሚያስፈራው ክፍል ይህ ነው፤ መድኃኒቱ ወዲያው ከቆመ አብዛኛው ሰው ይተርፋልና።

የእናት ወንድም ጉዳይ እዚህ ይገባል። የጂ6ፒዲ ጂን የሚገኘው ኤክስ በተባለው ክሮሞሶም ላይ ነው። ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ አለው፤ ያም ከእናቱ የመጣ ነው። ስለዚህ አባቱ ጉድለቱ ቢኖርበትም ለወንድ ልጁ አያስተላልፍም። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢጎድል ሌላው ይሸፍንላታል ይባላል፤ ይህ ግን ግማሽ እውነት ነው። እንግሊዛዊቷ ሜሪ ሊዮን በ1961 እንዳሳየችው፣ በእያንዳንዱ የሴት ሕዋስ ውስጥ ከሁለቱ ኤክስ አንዱ ይዘጋል፤ የቱ እንደሚዘጋ ዕጣ ነው። ቦይትለር ይህንኑ በጂ6ፒዲ አረጋገጠው፦ ጉድለቱን ከአንድ ወገን የወረሰች ሴት ገሚሱ ደሟ ጤነኛ፣ ገሚሱ ጎደሎ ነው። አንዳንዷ ከወንዱ እኩል ትጎዳለች፣ አንዳንዷ ምንም አትሆንም። ነርሷ የአባትን ወንድም ሳይሆን የእናትን ወንድም የምትጠይቀው ለዚህ ነው።

ጉድለቱ ያለባቸው ሰዎች በዓለም 400 ሚሊዮን ያህል ናቸው ተብሎ ይገመታል። አብዛኛዎቹ ወባ ለሺህ ዓመታት በቆየበት አገር ይኖራሉ፤ ይህም በአጋጣሚ አይደለም። ጎደሎው ሕዋስ ለወባ ተሕዋስም ምቹ አይደለም፤ ስለዚህ ወባ በሰፈረበት ቦታ ጉድለቱ ያለበት ልጅ በከባድ ወባ ከመሞት የመትረፍ ዕድሉ ከፍ አለ፣ አድጎም ወለደ። ሰውን ከወባ የጠበቀው ነገር፣ የወባ መድኃኒት ሲመጣ አደጋ ሆነበት።

አሁን ወደ እኛው እንመለስ። የኢትዮጵያ ደገኛ ጂ6ፒዲን የሚፈራበት ምክንያት ያነሰ ነው። አንድ ማስረጃ ማዕድ ላይ አለ። ባቄላ ቪሲንና ኮንቪሲን የተባሉ ነገሮች ስላሉት ጉድለቱ ያለበትን ሰው እንደ ፕሪማኪን ሊጎዳ ይችላል፤ ጣልያንና ግሪክ ላይ በአበባው ወቅት ሕፃናት የሚታመሙበት የታወቀ በሽታ ነው። ኢትዮጵያ ባቄላን በዓለም በብዛት ከሚያመርቱ አገሮች አንዷ ናት። ሸዋና አርሲ እሸቱን፣ ቆሎውን፣ ክኩን፣ ሹሮውን ሲበላ ኖሯል፤ ጠዋት ፉሉን ይጠቅሳል። በባቄላ እሸት ልጅ ሽንቱ ጠቁሮ ሞተ የሚል ወሬ ግን በደጋ አይሰማም። ከ2,000 ሜትር በላይ ወባ እምብዛም ስላልነበረ ጉድለቱም እዚያ ብዙ አልተስፋፋም ማለት ይመስላል። ጥናቱም ይደግፈዋል፤ በ2018 በወባ ሳይንስ መጽሔት የወጣ አገር አቀፍ ጥናት በመረመራቸው ሰዎች ላይ የተለመዱትን የአፍሪካና የሜዲትራኒያን ጎደሎ ዓይነቶች አላገኘም።

ይህን ያነበበ ባለሙያ «እንግዲያው ፕሪማኪን ለእኛ ደኅና ነው» ለማለት ይፈተናል። አገር አቀፍ አማካይ ግን በሽተኛ አይደለም። በ2014 ከጋምቤላ ሆስፒታል የወጣ ጥናት በወባ ተጠርጥረው ከመጡት ሰዎች ከመቶ 7 ገደማ ላይ ጉድለቱን ሲያገኝ፣ ኑዌርና አኙዋ በሆኑት ላይ ቁጥሩ ከመቶ 10 በላይ ነበር። ጋምቤላ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ወባ ያለበት፣ ከደቡብ ሱዳን የተሰደዱ ብዙ ሰዎች የሚኖሩበት ቦታ ነው። ለአዲስ አበባ የሚሠራ ግምት ለኢታንግ ላይሠራ ይችላል። በጣም የተቸገረው አካባቢ በአማካይ ቁጥር ውስጥ ሲጠፋ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

አማካዩ ሲያታልል ምን እንደሚሆን ሌላ ታሪክ ያሳያል። በ2000ዎቹ ለአፍሪካ ተብሎ የተሠራ ላፕዳፕ የሚባል ርካሽ የወባ ኪኒን ነበር፤ ክሎርፕሮጓኒልና ዳፕሰን የተባሉትን አንድ ላይ የያዘ። በ2003 ፈቃድ አገኘ። ዳፕሰን የጂ6ፒዲ ጉድለት ያለበትን ሰው ደም እንደሚያፈርስ የታወቀ ቢሆንም፣ በመጀመሪያው ግምት አደጋው ትንሽ ነው ተብሎ ነበር። ጉድለቱ በበዛባቸው አካባቢዎች ሕፃናት ላይ በስፋት ሲጠና ግን የደም መቀነሱ ሊታለፍ የማይችል ሆነ፤ በ2008 መድኃኒቱ ከገበያ ወጣ።

ሆኖም ፍርሃቱ ብቻውን መመሪያ አይሆንም። ለብዙ ዓመታት በእኛም አገር ሆነ በሌላው፣ ፕሪማኪን መመሪያ ላይ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ሐኪሙ ያልመረመረውን በሽተኛ ሊጎዳ ስለሚፈራ አያዝም። የዚህ ጥንቃቄ ዋጋ አይታይም። ያልታዘዘለት ሰው በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ይታመማል፤ በየጊዜው ደሙ ያንሳል፣ ሥራው ይቆማል፣ በዙሪያው ያለችን ትንኝም ያስይዛል። በ2019 ላንሴት ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት፣ ከቦታዎቹ መካከል አርባ ምንጭና መተሐራ ያሉበት፣ ይህን በቁጥር አሳየው። ፕሪማኪን ያልተሰጣቸው በዓመት በአማካይ አንድ ጊዜ ያህል ሲያገረሽባቸው፣ የሰባት ወይም የአሥራ አራት ቀን ፕሪማኪን የወሰዱት ላይ ከአምስት እጥፍ በላይ ቀነሰ። ኢንዛይማቸው ከመደበኛው ከመቶ 30 በታች የሆነ ሰዎች ግን አስቀድመው ተለይተው ከጥናቱ እንዲቀሩ ተደርገው ነበር፤ የቁጥሩ ውበት በዚያ ማጣሪያ ላይ የቆመ ነው።

በስድሳ ዓመት ውስጥ 200 ሚሊዮን ያህል ሰው ፕሪማኪን ወስዶ በመድኃኒቱ የሞቱ ተብለው የተመዘገቡት 14 ናቸው የሚል ግምገማ በ2014 ወጥቷል። ትንሽ ቁጥር ነው። ነገር ግን ፕሪማኪን በብዛት የሚሰጥበት ገጠር ሞት በምክንያቱ የሚመዘገብበት ቦታ እንዳልሆነ ማንም የሚያውቅ ነው፤ ስለዚህ 14 የሚለውን እንደ ታችኛው ወለል እንጂ እንደ ጣሪያ አላነበውም።

የእኛ መመሪያ መሐለኛውን መንገድ ነው የመረጠው። በእኛ አቆጣጠር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ለቫይቫክስ በሽተኛ በኪሎ ክብደት 0.25 ሚሊግራም ፕሪማኪን ለአሥራ አራት ቀን እንዲሰጥ ተወሰነ፤ ለአዋቂ በቀን 15 ሚሊግራም ገደማ ማለት ነው። አነስተኛው መጠን ነው፤ ጉድለቱ ያለበት ሰው ቢያጋጥም ደሙ ቀስ ብሎ ስለሚቀንስ፣ ምልክቱን አይቶ የሚያቆምበት ጊዜ ይኖረዋል የሚል ስሌት አለው። ለፋልሲፓረም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠውም ያው 0.25 ነው፤ ተሕዋሱ ወደ ትንኝ እንዳይተላለፍ ለማድረግ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2012 ጀምሮ ለዚህ አንድ መጠን ምርመራ አያስፈልግም ብሏል።

አነስተኛው መጠን ሁለት ድክመት አለው። የተኛውን ተሕዋስ በሙሉ ለመግደል ላይበቃ ይችላል፤ ከአሥራ አራቱ ቀናት ደግሞ ብዙ ሰው በአምስተኛው ያቆማል፣ ትኩሳቱ ስለጠፋ። ሰሊጥ አጫጅ ከሆነማ በሦስተኛው ቀን ማሳ ላይ ነው።

ታፌኖኪን የመጣው ይህን ለመፍታት ነበር፦ ለአዋቂ 300 ሚሊግራም፣ አንድ ጊዜ፣ አለቀ። አሜሪካ በ2018 ፈቀደችው፤ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የተገኘ የመጀመሪያው ተተኪ ነበር። ጉዳቱም ከጥቅሙ ይመነጫል። ፕሪማኪን ከሰውነት በሰዓታት ውስጥ ይወጣል፤ ሽንት ጠቆረ ሲባል ማቆም ይቻላል። ታፌኖኪን ለግማሹ ብቻ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ከተዋጠ በኋላ የሚቆም ነገር የለም። ስለዚህ ከመዋጡ በፊት የኢንዛይሙ መጠን በቁጥር መታወቅ አለበት፤ ከመደበኛው ከመቶ 70 በላይ ካልሆነ አይሰጥም። «አለ ወይስ የለም» ብቻ የሚል ምርመራ ለዚህ አይበቃም፤ ገሚሱ ደሟ ጎደሎ የሆነችውን ሴት «ደኅና» ብሎ ሊያሳልፋት ይችላል።

ደግነቱ በቁጥር የሚለካ መሣሪያ ዛሬ በእጅ የሚያዝ ሆኗል። ከጣት የሚወሰድ ጠብታ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል፣ ከሄሞግሎቢን ጋር የተሰላ ቁጥር። ኤስዲ ባዮሴንሰር የተባለው የኮርያ ኩባንያ የሠራውን የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2024 ብቁ ብሎ ዘገበው፤ በዚያው ወር ታፌኖኪንንም። ብራዚል ከዚያ ቀድማ ነው የጀመረችው። በ2021 በማናውስና በፖርቶ ቬሊዮ ጤና ጣቢያዎች ላይ ምርመራውንና መድኃኒቱን አብራ ሞከረች፤ በ2023 በመንግሥት የጤና አገልግሎቷ ውስጥ አስገባች። አማዞን ውስጥ በጀልባ የሚደረስበት ጤና ኬላ ላይ ከተቻለ፣ በሞተር ብስክሌት የሚደረስበት ጤና ኬላ ላይ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም፤ ዋጋው ግን ለእኛ ቀላል አይደለም፣ የመሣሪያው የሙቀት ልክም ከጋምቤላ መጋቢት ጋር መታረቅ አለበት።

መሣሪያውም የራሱ ወጥመድ አለው። ወባ ያጠቃው ወይም ደሙ በቅርቡ የፈረሰበት ሰው መቅኔው አዲስ ሕዋስ ያጎርፋል፤ አዲስ ሕዋስ ደግሞ ስንቁ ሙሉ ነው። ስለዚህ ጎደሎው ሰው በታመመበት ሰሞን ሲለካ ከእውነተኛው የበለጠ ሊያሳይ ይችላል።

ጉድለቱ የተረጋገጠበት የቫይቫክስ በሽተኛ ያለ ፈውስ ይቅር ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በኪሎ 0.75 ሚሊግራም ፕሪማኪን፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለስምንት ሳምንት፣ በሐኪም ዓይን ሥር ነው። በሳምንቱ ልዩነት ውስጥ የፈረሱት ሕዋሳት ይተካሉ። ለነፍሰ ጡር ግን ፕሪማኪንም ታፌኖኪንም አይሰጥም፤ እናቲቱ ደኅና ብትሆን እንኳ የጽንሱ ደም አይታወቅምና። ለእሷ እስክትወልድ ድረስ ወባው በተነሳ ቁጥር ደም ውስጥ ያለውን ብቻ ማከም ይቀራል።

ምርመራ በሌለበት ጤና ጣቢያ ደግሞ ዋናው መከላከያ ንግግር ነው፤ አነጋገሩም ለሰሚው መስማማት አለበት። «የሽንትዎን ቀለም ይከታተሉ» ማለት ሜዳ ላይ በጨለማ ለሚሸና ሰው ምንም አይደለም። «ጠዋት፣ ፀሐይ ሲወጣ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሽና፤ እንደ ኮካ ከጠቆረ ኪኒኑን ተው፣ ቀጥታ ወደዚህ ና» ማለት ይገባል። ቆላ ላይ ውሃ ያጣ ሰው ሽንት ቢጫ ይበዛል፤ ጥቁር አይሆንም። ይህን ልዩነት የሚናገር ነርስ ካለ ኪኒኑ ያለ ምክንያት አይቋረጥም፣ በምክንያትም አይቀጥልም። የእናት ወንድም ጥያቄም እንዲሁ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሰልፉ ቢረዝምም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የካርድ ጉዳይ ነው። የጂ6ፒዲ መጠን ከወረሰው ጂን ስለሚወሰን፣ በደኅና ጊዜ አንዴ በትክክል የተለካ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የተለካ ነው። እኛ ዘንድ ግን ካርዱ የሚቀመጠው በጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ነው፤ በሽተኛው የሚሄደው ሌላ ቦታ። መተማ ላይ ጉድለቱ ታይቶበት ፕሪማኪን የተከለከለ አጫጅ ጥር ላይ ወባው ቢነሳበት፣ የሚታከመው አገሩ ባለ ሌላ ጤና ጣቢያ ነው፤ እዚያ ያለው ነርስ ስለ እሱ የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም፤ አሥራ አራቱን ኪኒን ይቆጥርለታል። ለክትባት ካርድ እናቶች በፌስታል ጠቅልለው ዓመታት ያቆዩታል። የደሙን ውጤት እንደዚያ በእጁ የሚሰጠው፣ በሚገባው ቋንቋ «ፕሪማኪን አይሰጠኝም» ተብሎ የተጻፈበት ወረቀት ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አያወጣም፤ በየክልሉ ምርመራው ሲጀመር አብሮ ሊታተም ይችላል።